ሃስኪ ወይስ አኪታ? ለአዲስ አበባ ቤት ውሻ ለሚመርጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ቡችላውን አስቀድሞ ቤት ያስገባ ሰው ከመጨረሻዎቹ ቢጀምር ይሻለዋል።

ሁለቱም «የበረዶ ውሻ» አይደሉም እንዴ? ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም ስፒትዝ ከሚባለው ወገን ናቸው፦ ጆሯቸው ሹልና የቆመ፣ ጸጉራቸው ድርብ፣ ጭራቸው ወደ ጀርባ የሚዞር። የሚለያያቸው የኖሩበት ሥራ ነው። የሳይቤሪያ ሃስኪ በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖሩ ቹክቺዎች ቀላል ጭነት በበረዶ ላይ ረጅም ርቀት እንዲጎትትላቸው ያረቡት ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል የጉሮሮ በሽታ ሲገባ መድኃኒቱን በበረዶ ላይ እየተቀባበሉ ካደረሱት ውሾች መካከል ስማቸው የገነነው ቶጎና ባልቶ ሃስኪዎች ነበሩ። አኪታ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ጃፓኑ የአኪታ ግዛት ነው፤ ድብና የዱር አሳማ የሚታደንበት ውሻ ነበር፣ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1931 የተፈጥሮ ቅርሷ አድርጋዋለች። የሞተ ጌታውን ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሲጠብቅ የኖረው ሃቺኮ አኪታ ነው።

ሃስኪ ከብዙ ውሻና ከብዙ ሰው ጋር መሥራት የለመደ ነውና ላገኘው ሁሉ ወዳጅ ነው። አኪታ የአንድ ቤት ውሻ ነው፤ የራሱን ሰው ይወዳል፣ ሌላውን ይታገሣል ወይም አይታገሥም። ሁለቱም ግን እንደ ጀርመን ሼፐርድ ዓይን ዓይናችሁን እያየ ትእዛዝ የሚጠብቅ ፍጥረት አይደሉም። «ና» ስትሉት ሰምቷል፣ ገብቶታልም፤ መምጣቱ ይጠቅመው እንደሆነ እያሰበበት ነው።

መጠናቸው ምን ያህል ነው?

ወንድ ሃስኪ ትከሻው ላይ ከ53.5 እስከ 60 ሳ.ሜ.፣ ክብደቱ ከ20.5 እስከ 28 ኪሎ ነው። ሴቷ ከ15.5 እስከ 23 ኪሎ ትመዝናለች። ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ውሻ ነው፤ ትልቅ የሚያስመስለው ጸጉሩ ነው። አርባ ኪሎ የሚመዝን «ሃስኪ» ካያችሁ ወይ አላስካን ማላሙት የሚባለው ትልቁ የበረዶ ጎታች ውሻ ነው፣ ወይ ድቅል ነው፣ ወይ ወፍሯል።

አኪታ ሁለት ዓይነት ነው። የጃፓኑ ወንድ 67 ሳ.ሜ. ገደማ ቁመት ያለው ቀጠን ያለ ውሻ ሲሆን ፊቱ የቀበሮ ይመስላል። የአሜሪካው ጭንቅላቱ ድብ መሳይ ነው፣ ወንዱ ከ45 እስከ 59 ኪሎ ይደርሳል። ሻጭ «አኪታ» ብቻ ካላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ፤ በገመድ የምትይዙት ክብደት በእጥፍ ሊለያይ ይችላል።

ይህን ሁሉ ጸጉር ይዘው የአዲስ አበባን ፀሐይ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ይህ ከሚያስጨንቁ ነገሮች የመጨረሻው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ችግሩ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ነው። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አምስት ሰከንድ ማቆየት ካቃታችሁ የእሱም መዳፍ ይቃጠላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል እና ከምሽቱ በፊት ያለው ሰዓት ይበቃችኋል። የቆርቆሮ የውሻ ቤት ግን ምድጃ ነው፤ በእንጨት ይሠራ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ጸጉሩን ፈጽሞ አትላጩ። ሥረኛው ስስ ጸጉር ብርድንም ሙቀትንም የሚከላከል ነው፤ ከተላጨ በኋላ ተበጣጥሶና ተዘበራርቆ ሊበቅል ይችላል። አውሮፓ ውስጥ እነዚህ ውሾች በዓመት ሁለት ጊዜ ጸጉራቸውን ያራግፋሉ፤ ይህን የሚቀሰቅሰው በዋናነት የቀን ርዝመት መለዋወጥ ነው። እዚህ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ወቅቱ ይደበዝዝና ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይረግፋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማበጠር ነው። ክረምት ላይ ዝናብ የመታውን ውሻ እስከ ቆዳው ድረስ አድርቁት፤ ውጪው ደርቆ ሥሩ ከረጠበ ቆዳው ይቆስላል፣ ይሸታልም።

ለጥበቃ የሚሆነው የትኛው ነው?

ሃስኪ አይሆንም። ሌባው አጥር ሲዘል ጭራውን እየቆላ የሚቀበለው እሱ ነው፤ በተከፈተው በር ደግሞ ራሱ ይወጣና አሁን ሁለት ነገር ጠፋባችሁ ማለት ነው። ጥበቃ የምትፈልጉ ከሆነ ስለ ሃስኪ ማንበብ እዚህ ላይ አቁሙ።

አኪታ ሳይሠለጥን ይጠብቃል። ብዙ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ መሐል ላይ ይቆማል። ይህ ጥሩ የሚሆነው ግቢያችሁ ጸጥ ያለ ከሆነ ነው። ማኅበር፣ ዝክር፣ ዕቁብ፣ ለቅሶ የሚበዛበት ቤት፣ ዘበኛ በየሦስት ወሩ የሚቀየርበት ግቢ ለአኪታ አይስማማም። የሚያውቀው ዘበኛ ሄዶ አዲሱ ሲመጣ ውሻው የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ የማያውቀው ሰው በሌሊት ግቢው ውስጥ ይዘዋወራል። አዲስ ሰው ሲቀጠር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ምግቡን እሱ ይስጠው፣ እናንተ ባላችሁበት በገመድ አብሮት ይራመድ፤ ከዚያ በፊት ሌሊት ብቻቸውን አይተዉ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ይሆናል?

አኪታ ይሆናል፣ ሃስኪ በጣም ይከብዳል። ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው፣ ምክንያቱም አኪታው ትልቁ ነው። አኪታ ቤት ውስጥ ጸጥተኛና እንደ ድመት ንጹሕ ነው፤ በቀን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በእግር ከሄደ ይተኛል። ሃስኪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካልደከመ ሶፋችሁን ይበላል። የሚያስቸግረው ደረጃው ነው፦ ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጠባብ ደረጃ ላይ አኪታ ይዛችሁ ከሌላ ውሻ ወይም ከሚሮጡ ልጆች ጋር ፊት ለፊት መገናኘታችሁ አይቀርም። አጭር ገመድ ያዙ፣ መታጠፊያው ላይ ቆም በሉ፣ ሰውን አሳልፉ። ከመግዛታችሁ በፊት የሕንፃውን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ፤ ከጎን ካለው ጎረቤትም ጋር ተነጋገሩ፣ ውሻ ያለፈበትን ደረጃ የማይወድ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሃስኪ ያላዝናል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ብዙ አይጮኽም፤ ያላዝናል። የአምቡላንስ ድምፅ፣ ሌሊት የሚጀምር ቅዳሴ፣ የንጋት አዛን ያስነሱታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ውሻ ሌሊት ሲያላዝን መልካም ነገር ተብሎ አይታይም፤ ታማሚ ያለበት ጎረቤት ቤት ከሆነማ ነገሩ ከእንቅልፍ ማጣት ያልፋል። ማላዘን የሃስኪ ወሬ እንጂ ሟርት እንዳልሆነ አስቀድማችሁ አስረዱ። ከዚያ በላይ የሚሠራው ሌሊት ቤት ውስጥ ማስተኛትና ማታ አድክሞ ማስገባት ነው። ብቻውን ግቢ የተተወ ሃስኪ ጓደኛ እየጠራ ነው፣ ቢመቱትም አይተውም።

አጥሬ ምን ዓይነት መሆን አለበት?

ለአኪታ 1.8 ሜትር ጠንካራ አጥር ይበቃል። ለሃስኪ ቁመቱ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ይዘልላል፣ ይወጣጣል፣ ከሁሉ በላይ ይቆፍራል። የቆርቆሮ አጥር ሥሩ አፈር ከሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። በአጥሩ ውስጠኛ ጎን 50 ሳ.ሜ. ጥልቀት ቆፍራችሁ ወፍራም የሽቦ ወንፊት ቅበሩ፣ ወይም 40 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ኮንክሪት አፍስሱ። ግድግዳው ላይ ያለ ጠርሙስ ስባሪና እሾሃማ ሽቦ ሃስኪን አያስቆምም፣ ያቆስለዋል እንጂ። ከአጥሩ አጠገብ የተደረደረ ብሎኬት፣ የውኃ ሮቶ ማስቀመጫ፣ የአሮጌ ዕቃ ክምር መሰላሉ ነው፤ አንሱት።

ያም ሆኖ አብዛኞቹ የሚጠፉት በበሩ ነው። መኪና ሲገባ ትልቁ በር ወለል ይላል፣ ውሻው ይወጣል፣ ሲጠሩት እያየ ይሮጣል። ከበሩ በስተውስጥ ትንሽ የሽቦ መከለያ ሠርታችሁ ሁለተኛ በር አድርጉለት፤ ያ ካልተቻለ «መጀመሪያ ውሻው ይታሰር፣ ከዚያ በሩ ይከፈት» የሚለውን ሕግ ከዘበኛ እስከ ሕፃን ሁሉም ይወቀው። ሃስኪን ከግቢ ውጭ ያለ ገመድ መፍታት የለም፤ ሠልጥኗል የተባለውንም።

በዓል ሲደርስ በግና ዶሮ ግቢ እናስራለን። ችግር አለው?

አለው። ሁለቱም የአዳኝ ስሜታቸው ብርቱ ነው። ሃስኪ ዶሮ ይፈጃል፤ የታሰረ በግም መሸሽ ስለማይችልና ሲደነግጥ ስለሚዘል ይጋብዘዋል። አኪታም በግ ሊጥል ይችላል። በጉ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ውሻው በር በሚቆለፍ ክፍል ይሁን፤ ሰርቪስ ቤት ካላችሁ እሱን ስጡት። «ትናንት አሸተተው፣ ምንም አላደረገውም» ማለት ዛሬ አያደርገውም ማለት አይደለም።

ከዕርዱ በኋላ ያለው ጉዳይ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ውኃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ ተጥሎ ከበላ፣ ከውስጡ ያለው የኮሶ ዘር በአንጀቱ ያድግና ዕንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፤ ከጸጉሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄድና በሰው ጉበት ውስጥ ያንኑ የውኃ ከረጢት ይሠራል። የሆድ ዕቃ ጥሬውን አይሰጥ፤ ውኃ የቋጠረው ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ሌላው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል። ከበላ ለሐኪም ንገሩና ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጠው።

የተረፈ እንጀራና ወጥ ብንሰጠውስ?

ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያልፈው፣ ሁለቱ ውሾች ግን በጣም የሚለያዩበት ጥያቄ ይህ ነው። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ በላይ ቀይ ሽንኩርት የሚቁላላበት ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ መቁላላቱ መርዙን አያጠፋውም። ለማንኛውም ውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል፤ ሃያ ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 300 ግራም፣ ማለትም ሦስት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። የአኪታ ደግሞ የባሰ ነው፦ እንደ አኪታና ሺባ ባሉ የጃፓን ውሾች ዘንድ በዘር የሚወረስ የደም ሴል ጠባይ አለ፣ ይህ ያለበት ውሻ ከዚያ ባነሰ መጠን ይጎዳል። ምልክቱ በዕለቱ አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድድ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ውሻው ይደክማል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሰጥም ይጠራቀማል። ስለዚህ ቁሌት የነካው ነገር፣ እንጀራውም ጭምር፣ ለአኪታ ክልክል ነው።

የሃስኪ ችግር ሌላ ነው። አንዳንድ ሃስኪ ዚንክን ከምግቡ በደንብ መውሰድ አይችልም፣ ይህም በዘሩ ያለ ነው፤ እህል የበዛበት ምግብ ደግሞ ዚንኩን ይበልጥ ይይዘዋል። ሩዝ፣ ዳቦና እንጀራ ብቻ የሚበላ ሃስኪ ዓይኑና ከንፈሩ ዙሪያ ቅርፊት ሲያወጣ፣ መዳፉ ሲሰነጠቅ ሰው እከክ መስሎት የእከክ መድኃኒት ያደርግለታል፤ አይድንም። ሐኪም አይቶ ዚንክ ያዝለታል። የሰው ዚንክ እንክብል በግምት አትስጡ፣ ሲበዛ እሱም ደም ያፈርሳል።

ደረቅ የውሻ ምግብ ከሆነ ለ22 ኪሎ ሃስኪ በቀን ከ300 እስከ 350 ግራም፣ ለ40 ኪሎ አኪታ ከ450 እስከ 500 ግራም ይበቃል፤ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ ስጡ። ሃስኪ ለሩጫው ሲታይ የሚበላው ጥቂት ነው፣ «አይበላልኝም» ብላችሁ አትጨነቁ። አኪታ ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አይሩጥ፤ ሆዱ ተነፍቶ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። የበሰለ አጥንት ለሁለቱም አይሰጥ፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

ልጆች አሉን። የትኛው ይሻላል?

ሃስኪ። የሚያሰጋው ጨዋታው ነው፤ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ገፍቶ ይጥላል፣ ዳቦውን ከእጁ ይነጥቃል። አኪታ ለቤቱ ልጆች ታጋሽ ሊሆን ይችላል፣ ጉዱ የሚመጣው የጎረቤት ልጆች ሲጨመሩ ነው፦ ልጆቹ ሲታገሉና ሲጯጯሁ አኪታው የእሱ ልጅ የተጠቃ ይመስለዋል። የምግብ ሳህኑንና የሚያኝከውን ነገርም ይከላከላል፤ ብቻውን ይብላ፣ ሲበላ ማንም አይጠጋው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበትና እንግዳ የማይጠፋበት ቤት አኪታ ባይገባ ይመረጣል።

ቀን አስሮ ማታ መፍታት አይሻልም?

የለመድነው ነው፣ ለሐበሻ ውሻም ቢሆን ጥሩ አይደለም። ለእነዚህ ሁለቱ ግን ቀጥታ ጉዳት አለው። የታሰረ ሃስኪ ቀኑን ሙሉ ያላዝናል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሲፈታ የመጀመሪያ ሐሳቡ መጥፋት ነው። የታሰረ አኪታ ሰው ባለፈ ቁጥር መሸሽም መጠጋትም ስለማይችል ማስፈራራት ይማራል፤ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ የተማረውን ይሠራዋል። ሦስት በአራት ሜትር የሆነ፣ ግማሹ ጥላ ያለው፣ በሽቦ የታጠረ ቦታ ከሰንሰለት ይሻላል።

ሻጩ «ንጹሕ ዘር» ነው ይላል። በምን አውቃለሁ?

ሰማያዊ ዓይን ማስረጃ አይደለም። ንጹሕ ሃስኪ ዓይኑ ቡናማ፣ ሰማያዊ ወይም አንዱ አንዱን የማይመስል ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ዓይን ያለው «አኪታ» ግን አኪታ አይደለም፤ የአኪታ ዓይን ሁልጊዜ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ጭራውም ጀርባው ላይ ይጠቀለላል። የሃስኪ ጭራ እንደ ማጭድ ይታጠፋል እንጂ አይጠቀለልም።

ከሁሉም የሚበልጠው እናቲቱን ማየት ነው። በቴሌግራም ፎቶ ተልኮላችሁ መንገድ ዳር የምትረከቡት ቡችላ እናት የለውም ማለት ነው። ስትሄዱ እናቲቱ ከእንግዳ ጋር ያላትን ጠባይ ተመልከቱ፤ አኪታ ከሆነች ይህ ከወረቀት ይበልጣል። ስምንት ሳምንት ያልሞላውን አትውሰዱ። የክትባት ደብተሩ ላይ የክትባቱ ተለጣፊ ምልክትና የሐኪም ፊርማ ከሌለ እንዳልተከተበ ቁጠሩት፤ ፓርቮ ቡችላ የሚጨርስ በሽታ ነው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀምርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጥና በየዓመቱ ይታደሳል።

ሌላ ውሻ አለን፣ መንገድ ላይም ውሻ አይጠፋም። ይስማማሉ?

ሃስኪ ከሌላ ውሻ ጋር ይኖራል፤ እንዲያውም ብቸኝነቱን ያቀልለታል። ተቃራኒ ፆታ ይሁኑ፣ ይምከኑ። አኪታ ከራሱ ፆታ ጋር አይስማማም፤ እስከ አንድ ዓመት ተኩል አብረው ተኝተው ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ደም የሚፋሰሱ ወንድማማቾች የተለመዱ ናቸው። ቤታችሁ ወንድ ውሻ ካለ ወንድ አኪታ አታምጡ።

መንገድ ላይ፣ የኮሪደር ልማቱ ያሰፋቸው የእግረኛ መንገዶች ከውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑ ይሻላሉ፤ የሚመጣውን ውሻ ከሩቅ ታያላችሁ። መንጋ ሲመጣ አትሩጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሁኑ፣ አብዛኛው ይመለሳል። ነገር ግን አኪታችሁን ወደ ኋላችሁ አድርጉት፤ እሱ አይመለስም። ሰው ከተነከሰ፣ የእናንተው የተከተበ ውሻ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

አኪታችን ዕድሜው ዓመት ሆነውና ሠራተኛችን ላይ ማጉረምረም ጀመረ። ምን እናድርግ?

አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ያጠፋችሁት እንደሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል። መጀመሪያ መቼ እንደሚያጉረመርም ጻፉ፦ ሳህኑን ስታነሳ ነው? መኝታው አጠገብ ስትጠርግ? በር ላይ? አብዛኛውን ጊዜ ቦታው አንድ ነው። ያንን ቦታ ለሁለት ሳምንት ዝጉት፤ ሳህኑን እናንተ አንሡ፣ እሷ ስትጠርግ ውሻው ሌላ ክፍል ይሁን። በዚሁ ጊዜ በሩቅ ሆና፣ ሦስት ሜትር ያህል፣ ዓይኑን ሳታይ የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ ወርውራለት ትለፍ፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ሲያያት ጭራው ዘና ማለት ከጀመረ ርቀቱን በግማሽ ሜትር ቀንሱ። ከሩቅም እያየ ከደረቀባት ወይም ጥርሱን ካሳየ ግን ይህን በራሳችሁ አትቀጥሉ፤ የአፍ መሸፈኛ አስለምዱትና ሐኪም ይየው፣ ምክንያቱም የዳሌ ሕመምና የታይሮይድ ጉድለት በዚህ ዘር የታወቁ ናቸው፣ የሚያመው ውሻም ያጉረመርማል። እሷንም ጠይቋት፤ ፈርታ ከሆነ ውሻውን ከመለማመዷ በፊት ሌላ መፍትሔ የመፈለጉ ኃላፊነት የእናንተ ነው።